ነርቭ ጅማት አይደለም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ስለ ወገብ ሕመም በጻፈው ጽሑፍ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ጅማት» እያለ ጠርቶታል። ጽሑፉ በሌላው ነገሩ ጠቃሚ ነበር፤ ስሕተቱም የእናንተ ብቻ አይደለም። በየቤቱ፣ በየገበያው፣ አንዳንዴም በየጤና ጣቢያው ነርቭ፣ ጅማትና ደም ስር ተቀላቅለው «ስር» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። «ስሬ ዞረብኝ»፣ «ጅማቴ ደነዘዘ» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍን ነበር። ሰው ግን መድኃኒቱን የሚፈልገው ለሕመሙ ባወጣው ስም ነው። «ጅማቴ ነው» ያለ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፣ ይታሻል፣ ይቀባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ነርቭ ሲጎዳ ግን ቀን ይቆጠርበታል፤ የዘገየ ሰው በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። እኛ ይህን የምንጽፈው የአናቶሚና የነርቭ ሕክምና መምህራን ስለሆንን፣ ልዩነቱን አንባቢ በገዛ አካሉ ላይ እንዲያየው እንፈልጋለን።

መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት ጫፍ ለጫፍ ያገናኙ፤ ከዚያ የእጅዎን አንጓ ጥቂት ያጥፉት። በአንጓው መካከል ገመድ መስሎ የሚነሣው ጅማት ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ከልደት ጀምሮ የለም፤ አለመኖሩም አይጎዳም። ይጫኑት፤ ከመጠንከሩ በቀር የሚሰማዎት ነገር የለም። አሁን ደግሞ ክርንዎን አጥፈው በውስጥ በኩል ጉብ ያለውን አጥንት ያግኙ፤ ከእርሱ በስተኋላ ጎድጓዳ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ በጣት ሥር የሚንሸራተት ለስላሳ ገመድ ይዳስሳሉ። ጠንከር አድርገው ሲነኩት ኤሌክትሪክ የያዘዎት ያህል እስከ ትንሿ ጣትና እስከ ቀለበት ጣት ግማሽ ድረስ ይነዝርዎታል። ይህ ነርቭ ነው፤ አልናር ይባላል። ክርናችን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ የሚነዝረንም እርሱ ነው። ልብ ይበሉ፤ የተነካው ክርን ላይ ነው፣ የተሰማን ግን ትንሿ ጣት ላይ ነው። አንጎል መልእክቱ መንገድ ላይ ከየት እንደ ገባ አያውቅም፤ የሚያውቀው መስመሩ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚመጣ ብቻ ነው። ወገብ ላይ የተጨነቀ ነርቭ እግር ላይ የሚያቃጥለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚታሸው እግር ግን ምንም አልሆነም።

ወደ አንጓው እንመለስ። ከመዳፍ በታች ባለች አንዲት ጠባብ መሿለኪያ ውስጥ 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ አንድ ላይ ተጣበው ያልፋሉ። በመስታወት ወይም በቢላ አንጓው የተቆረጠ ሰው የጣት ጅማቱ ከተበጠሰ ጣቱ አይታጠፍለትም፤ ሲነኩት ግን ይሰማዋል። ነርቩ ከተበጠሰ ደግሞ ጣቶቹ ይታጠፉለታል፤ ምክንያቱም የሚያጥፏቸው ጡንቻዎች ክንድ ላይ ስለሆኑ ነው። የአውራ ጣት፣ የጠቋሚና የመሃል ጣት ጫፍ ግን ድንዝዝ ይላል። «ጣትህን አጥፍ» ተብሎ ያጠፈ ሰው «ደህና ነው» ተብሎ ቆዳው ብቻ ከተሰፋለት፣ የተበጠሰው ነርቭ ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ማደንዘዣ ከመወጋቱና ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት የጠቋሚ ጣት ጫፍ በጥጥ ይነካ፤ ባለሙያው ቢረሳ እንኳ ቁስለኛው ይጠይቅ። ቁስል ውስጥ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የነርቭን ጫፍ ከጅማት ጫፍ ጋር መስፋትም በሕክምና ታሪክ የተመዘገበ ስሕተት ነው። ጅማት የሚያብለጨልጭ ነጭ፣ ጠንካራና ልሙጥ ነው። ነርቭ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፣ ለስለስ ይላል፣ በላዩ ላይ ክር የመሰለች ደም ስር ትሄዳለች፤ የተቆረጠው ጫፉ ሲታይም በውስጡ የክር ነዶዎች ይታያሉ።

ልዩነቱ ከጽንስ ይጀምራል። ጅማት፣ አጥንትና ጡንቻ የሚበቅሉት ከጽንሱ መካከለኛ ንጣፍ ነው። ነርቭ፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ግን ከውጭኛው ንጣፍ፣ ቆዳ ከሚሠራበት ንጣፍ ይወጣሉ። ከዘር ሐረግ አንጻር ነርቭ የቆዳ እንጂ የጅማት ወንድም አይደለም። ይህ ንጣፍ በጀርባ በኩል እንደ ቦይ ይሰረጉዳል፤ ከዚያ ሁለቱ ከንፈሮቹ ተገናኝተው ቱቦ ይሆናል። ቱቦው የሚዘጋው ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ ብዙ እናት ማርገዟን ሳታውቅ ነገሩ አልቋል። ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ወይም የራስ ቅሉ ሳይገጥም ይወለዳል። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ይወሰድ የሚባለው ለዚህ ነው፤ በሦስተኛው ወር የክትትል ካርድ ሲወጣ ቢጀመር ለቱቦው ዘግይቷል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ጅማት በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ገመድ ነው፤ ሕዋሳቱ ጥቂት ናቸው፣ ሥራውም መጎተት ብቻ ነው። ነርቭን ግን ሕያው ሕዋሳት ራሳቸው ተዘርግተው ነው የሠሩት። አንድ የነርቭ ሕዋስ ሦስት ነገር አለው። አስኳሉን የያዘ አካል፣ እንደ ቅርንጫፍ ተበትነው መልእክት የሚቀበሉ ዴንድራይቶች፣ መልእክት የሚያደርስ አንድ ረጅም ክር። ይህ ክር አክሰን ይባላል። የሕዋሱ አካል ትልቁ እንኳ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ከኅብለ ሰረሰር ጫፍ ተነሥቶ እግር ላይ የሚደርሰው አክሰኑ ግን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። አካሉ ብርቱካን ያህል ቢሆን አክሰኑ 800 ሜትር ይረዝም ነበር ማለት ነው።

ይህ ርዝመት ብዙ ነገር ያብራራል። አክሰን ለራሱ የሚበቃ ፕሮቲን አያመርትም፤ የሚያስፈልገው ከሞላ ጎደል ሁሉ በሕዋሱ አካል ተሠርቶ በውስጡ እየተጫነ ይላክለታል። ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ የክሩን ግድግዳና ምሰሶ የሚሠራው ዘገምተኛ ጭነት ግን በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሕዋሱ በስኳር፣ በአልኮል ወይም በቫይታሚን እጥረት ሲዳከም መጀመሪያ የሚራበው የረጅሙ አክሰን ጫፍ ነው። የስኳር ሕመም ድንዛዜ ከእግር ጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም የሚጀምሩት በዚህ ሒሳብ ነው። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት በእጁ ውስጡን ይዳብስ፤ የእግር መታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ፤ ማታ ማታ የእግሩን መርገጫ በመስታወት ይይ። የማያም ቁስል ነው እግር የሚያስቆርጠው።

ዐይናችን ነርቭ ብሎ የሚያየው የሺዎች አክሰኖች ጥቅል ነው። እያንዳንዱ አክሰን በቀጭን መጠቅለያ ይሸፈናል፤ ብዙ አክሰኖች ነዶ ሆነው ፔሪኒውሪየም በሚባል ጠበቅ ያለ ሽፋን ይታሰራሉ፤ ነዶዎቹ ደግሞ ኤፒኒውሪየም በሚባል ወፈር ያለ የውጭ ልብስ ይጠቀለላሉ። ፔሪኒውሪየምን ያስታውሱልን፤ ከኬሚካል የሚጠብቅ አጥር ነው፤ መርፌ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

መልእክቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው፤ በሽቦ እንደሚሄደው ግን አይደለም። ሥራ የፈታ የነርቭ ሕዋስ ውስጡ ከውጭው ይልቅ 70 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ያለ ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው 3 ሶዲየም ወደ ውጭ፣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ እያደረገ ሌት ተቀን የሚሠራ ፓምፕ ነው። ሕዋሱ ተነክቶ ልዩነቱ ወደ 55 ሚሊ ቮልት ሲጠብ የሶዲየም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ውስጡ ከዜሮ በላይ 30 ሚሊ ቮልት ያህል ይደርስና 1 ወይም 2 ሚሊ ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ተመልሶ ይወርዳል። ያ ብልጭታ ቀጣዩን በር ይከፍታል፣ ያኛውም ቀጣዩን። ግማሽ ብልጭታ የለም፤ ሕመም ሲበረታ የሚጨምረው የብልጭታው ቁመት ሳይሆን ብዛቱ ነው። የጥርስ ሐኪም የሚወጋው ሊዶኬይን የሶዲየም በሮቹን የሚዘጋ ነው፤ ጥርሱ ያው ጥርስ ነው፣ ወሬው ግን አንጎል አይደርስም።

በሮቹ በአክሰኑ ላይ በሙሉ ቢደረደሩ ጉዞው ዘገምተኛ ይሆናል። ስለዚህ ሽዋን የሚባሉ ሕዋሳት በአክሰኑ ላይ እንደ ጥምጥም ደጋግመው ይጠመጠማሉ፤ ይህ ስብ የበዛበት ጥምጥም ማይሊን ነው። በአንዱ ሽዋንና በሌላው መካከል፣ በየ1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ትንሽ ክፍተት አለ፤ ብልጭታው ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሄዳል። ወፍራም ማይሊን ያላቸው አክሰኖች በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ፤ ማይሊን የሌላቸው ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ብቻ። እንቅፋት የመታው ሰው ይህን ያውቀዋል። በመጀመሪያ ጣቱ መጋጨቱ ይሰማዋል፣ ወዲያው ስል ሕመም ይመጣል፤ ከ1 ሴኮንድ በላይ ቆይቶ ደግሞ ያ የሚያቃጥልና የሚያንገበግበው ሕመም ይደርሳል። የተመታው አንድ ጊዜ ነው፤ ወሬው ግን በሦስት ዐይነት ክር፣ በሦስት ፍጥነት መጣ።

አክሰኑ ጡንቻ ወይም ሌላ የነርቭ ሕዋስ ጋ ሲደርስ አይነካውም። መካከላቸው ከ20 እስከ 40 ናኖ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ፤ መልእክቱ እዚያ ወደ ኬሚካል ተለውጦ ይሻገራል። ጡንቻን የሚያዘው ኬሚካል አሴቲልኮሊን ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚያፈርሰው ኢንዛይም አለ። ማላታይንና መሰሎቹ የተባይ መድኃኒቶች የሚመርዙት ይህን ኢንዛይም ነው። ያለ ጓንት ረጭቶ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የዐይኑ ብሌን የጠበበ፣ ጡንቻው የሚርገበገብ ገበሬ ወተት አይደለም የሚያስፈልገው፤ ልብሱ ወልቆ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ አትሮፒን የተባለው ማርከሻ ወዳለበት ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ከዚሁ ዐይነት ሕዋስ የተሠሩ ናቸው፤ ባሕርያቸው ግን ሌላ ነው። ያልደረቀ አንጎል በእጅ ሲያዝ እንደ ለጋ ቅቤ ነው፤ የራስ ቅል ባይኖረው፣ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ፈሳሽ ላይ ባይንሳፈፍ በገዛ ክብደቱ ይፈራርስ ነበር። 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ሆኖ የሰውነትን ኦክስጅን 20 በመቶ ይበላል። በዙሪያቸው ግሊያ የሚባሉ ረዳት ሕዋሳት አሉ፦ የሚመግቡ፣ የሚያጸዱ፣ ማይሊን የሚጠመጥሙ። በአንጎል ውስጥ ማይሊን የሚጠመጥመው ሽዋን ሳይሆን ኦሊጎደንድሮሳይት ነው፤ አንዱ ሕዋስ ክንዶቹን ዘርግቶ የብዙ አክሰኖችን ቁራጭ ይሸፍናል። ትንሽ የምትመስለው ይህች ልዩነት ከባድ ውጤት አላት። በክንድና በእግር ነርቭ አክሰን ሲበጠስ ከቁስሉ በታች ያለው ክፍል ይሞታል፤ የሽዋን ሕዋሳቱ ግን ፍርስራሹን ጠርገው እንደ ቱቦ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከላይ የቀረው ጫፍ በዚያ ቱቦ ውስጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያ ቱቦ የለም፤ ጠባሳውም፣ የማይሊኑ ፍርስራሽም እድገትን ይከለክላሉ። «ነርቭ አይድንም» የሚለው አባባል ለኅብለ ሰረሰር እውነት ይሆናል፣ ለእግር ነርቭ ግን አይደለም።

በቀን 1 ሚሊ ሜትር የምትለዋን ቁጥር ይዘን ወደ መርፌ እንሂድ፤ በሀገራችን ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሳያቲክ ነው፤ በአዋቂ ሰው ላይ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ በመቀመጫ ሥር አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል። ያዕቆብ ሲታገል ተነክቶ ያነከሰበትን፣ የእስራኤል ልጆች የማይበሉትን ሹልዳ የአይሁድ ሊቃውንት ይህ ነርቭ ነው ይላሉ። መቀመጫ ላይ ወደ መሃል ወይም ወደ ታች ያዘነበለ መርፌ ያገኘዋል። መርፌው ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ መድኃኒቱ ይከፋል፤ በፔሪኒውሪየም ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም፣ እዚያው ሆኖ አክሰኖቹን ያቃጥላል። ዳይክሎፌናክን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻ መርፌዎች በዚህ ይታወቃሉ። ቀጭን ሰውና ሕፃን ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በመርፌውና በነርቩ መካከል ያለው ሥጋ ትንሽ ነውና።

ደህናው ቦታ የዳሌ ጎን ነው። ወጊው ለታካሚው ግራ ዳሌ ቀኝ እጁን ይጠቀማል፤ መዳፉን በጭን አጥንት ጎን ጉብ ባለው ላይ ያሳርፋል፣ ጠቋሚ ጣቱን በፊት በኩል ወዳለው የዳሌ አጥንት ጫፍ ይዘረጋል፣ የመሃል ጣቱን በዳሌው ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ይከፍታል፤ መርፌው በሁለቱ ጣቶች መካከል ይገባል። እዚያ ትልቅ ነርቭ የለም። በመቀመጫው ላይ መወጋት ግድ ከሆነ የላይኛው የውጭ ሩብ ብቻ ነው፤ ታካሚው ቆሞ ሳይሆን በደረቱ ተኝቶ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙሮ። ሕፃናት የሚወጉት በጭናቸው የውጭ ጎን፣ መካከለኛው ሦስተኛ ላይ ነው። መርፌ ሲገባ ወደ እግር የሚወርድ ንዝረት የተሰማው ሰው እንዳይታገሥ! ወዲያው ይናገር፤ ወጊውም ቀሪውን ሳይገፋ ይንቀል።

ከዚያ በኋላ በተረከዝ ብቻ መራመድን ይሞክሩ። መርገጫው ወደ ላይ አልነሣ ካለ፣ ሲራመዱም የእግር ጣቶች መሬት ከላጉ፣ እርሱ ነርቭ ነው። መታሸት ለተቃጠለ ነርቭ አይጠቅምም፤ የጋለ ጨርቅ ወይም ድንጋይ ደግሞ በማይሰማ ቆዳ ላይ እስከ አጥንት ያቃጥላል። የሚያስፈልገው ቁርጭምጭሚትን በ90 ዲግሪ የሚይዝ ድጋፍ ነው፤ ቀንም ሌሊትም። ይህ ካልሆነ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ያጥራል፤ ነርቩ ቢመለስ እንኳ እግሩ ተቆልምሞ ይቀራል። የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ ከ3 ሳምንት በኋላ ይሠራ፤ የአክሰን ሞት በጡንቻ ላይ እስኪታይ ያን ያህል ይፈጃል፣ በሳምንቱ የተሠራ ምርመራ «ደህና ነው» ብሎ ያሳስታል። ማይሊን ብቻ የተጎዳ ከሆነ በ12 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። አክሰኑ ከሞተ ሒሳቡን ይሥሩት፤ ከመቀመጫ እስከ ቅልጥም ጡንቻ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ 500 ቀን ማለት ነው። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ስብና ጠባሳ ይለወጣል። ከ3 እስከ 6 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት። ሁለት ዓመት ታሽቶ የመጣ እግር ላይ ግን ሐኪሙ ነርቩን ትቶ በሕይወት ያለን የሌላ ጡንቻ ጅማት አዛውሮ መርገጫውን እንዲያነሣ ያደርጋል። የእውነተኛው ጅማት ጊዜ ያኔ ነው።

ለወጌሾች ክብር አለን፤ የወለቀ ትከሻ መመለስ፣ የተጣመመ አጥንት ማቃናት ዕውቀት ነው። በስብራት ላይ ስለሚያስሩት ቀርከሃ ግን አንድ ነገር ይወቁልን። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ቀርከሃ እብጠቱን ወደ ውስጥ ያፍነዋል፤ ደም ወደ ጡንቻና ወደ ነርቭ መድረሱ ይቆማል። ነርቭ ቀድሞ ይጮኻል፦ ጣቶች ይነዝራሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ሕመሙ ከስብራቱ በላይ ይሆናል፣ ጣት ሲዘረጋ ሕፃኑ ይጮኻል። ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጡንቻው ይሞታል። ስለዚህ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ማሰሪያው ይፈታ፤ ነገ አይባል። «ሕመሙ ቆመለት» ተብሎ ደስ የሚባልበት ሰዓት ነርቩ ዝም ያለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ክርን ላይ ያሳየነው ነርቭ በሥጋ ደዌም ይታወቃል። ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የዚህ ሕመም ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ የሚኖረውም በሽዋን ሕዋስ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ነርቮችን፣ በክርን፣ በጉልበት ጎን፣ በቁርጭምጭሚት የሚመርጠው። አልናር ነርቭ ወፍሮ ገመድ ይመስላል፤ ትንሿና የቀለበት ጣት ይቆለመማሉ። ጅማቶቹ ጤነኞች ናቸው፣ የሚያዝዛቸው ነው የሞተው። ጣቶችን ባክቴሪያው አይበላቸውም፤ የሚያጠፋቸው ሳይሰማ የተነካ የጋለ ምጣድና ጀበና፣ ሳይታይ ያመረቀዘ ቁስል ነው። ቆዳ ላይ የወጣ የማያሳክክ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካለ ዐይን ተጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ይነካ፤ ካልተሰማ ጤና ጣቢያ ይኬድ። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ እንደ ዐይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ባክቴሪያው ሲሞት የሞተ ነርቭ አብሮ አይነሣም። ነርቩ ከታመመ ገና 6 ወር ካልሞላው ግን እብጠቱን በሚያበርድ ስቴሮይድ ብዙውን ማትረፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት የሠራው ይህን ነው።

ስለ ጓያ በአጭሩ። በደንቢያ፣ በፎገራ፣ በደላንታ ሕዝብ የሚያውቀው «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ሕመም አጥንትም ጅማትም አልሰበረም። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያሻግረውን ግሉታሜት ስለሚመስል፣ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርደው እግርን የሚያዙ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይገድላቸዋል። እግር ይገትራል፣ በጣት ጫፍ ያስኬዳል፤ ስሜትም አእምሮም ግን ሙሉ ናቸው። የደረቀው እግር ጅማት የተሳሰረ ስለሚመስል ይታሻል። የሞቱት ሕዋሳት ያሉት ግን ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አይመለሱም። ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት ጓያ ለ2 ወይም 3 ወር ዋና ምግብ ሲሆን ነው የሚጎዳው። ግድ ከሆነ በብዙ ውኃ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ ይቀቀልና ያም ይደፋ፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይቀላቀል። እሸቱንና ቆሎውን ማዘውተር ይቅር።

በመጨረሻ «የነርቭ መርፌ» ስለሚባለው። ለድንዛዜ ሁሉ ከፋርማሲ የሚገዛው የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ቫይታሚኑ ለጎደለው ይጠቅማል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ቢ6ን ስለሚያጎድል አብሮት ትንሽ ቢ6 የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ቫይታሚኑ ላልጎደለው ግን ለወራት የተወሰደ ከፍተኛ መጠን ያለው ቢ6 ራሱ የስሜት ነርቭ ሕዋሳትን ይመርዛል፤ ድንዛዜውም ይብሳል። ሰውየውም ባሰብኝ ብሎ ይጨምራል።

ስለዚህ ዓምዳችሁ እርማት ሲያወጣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውን ጅማት፣ ደም የሚያመላልሰውን ደም ስር፣ መልእክት የሚያመላልሰውን ነርቭ በሉልን። «ነርቭ» ባዕድ ቃል ነው ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ ከእናቶች አፍ ገብቷል። ከእርማቱ ጋር ሕመምተኛ ወዴትም ከመሄዱ በፊት ራሱን የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ብታትሙልን እንወዳለን። በጥጥ ሲነካ ይሰማል? ጣቱንና መርገጫውን ማንሣት ይችላል? ከየትኛው ቀን ጀመረ? የሦስተኛውን መልስ በወረቀት ይጻፈው፤ ሐኪሙ 3ቱን ሳምንትም 6ቱን ወርም የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የአናቶሚና የነርቭ ሕክምና መምህራን
አዲስ አበባ